የወንዝ ዳርቻና የሕዝብ መዋጮ

ወንዝ ከተራራ ፈልቆ ሸለቆ ለሸለቆ ሲወርድ የአንዱን ርስት ከሌላው ሳይለይ፥ አጥሩንም ድንበሩንም ሳይጠይቅ ያልፋል። በላዩ የሚሄድ ታንኳ ግን ከሰማይ ስለማይወርድ ከአንድ ዳርቻ ተነሥቶ በሌላ ዳርቻ ላይ ማረፍ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ዳርቻውን የያዘ ሰው ወንዙንም እንደ ያዘ ይቈጠራል። ሕግ «ውሃው የሁሉ ነው» ብሎ ቢደነግግም እንኳ፥ ወደ ውሃው መውረጃው በአጥር ከተዘጋ ድንጋጌው በር ለሌለው ቤት ቍልፍ እንደ መስጠት ይሆናል።

ይህን ነገር ለማንሣት ያስገደደን ምክንያት አለ። በዛሬው ዘመን በአሜሪካ፥ በእንግሊዝ አገርና በኒውዚላንድ ትንንሽ ታንኳዎችን እየቀዘፈ በወንዝና በባሕር ዳር የሚጓዘው ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ለሰውነቱ ጤና፥ አንዳንዱ ለውድድር፥ አንዳንዱም የፈጣሪን ሥራ በጸጥታ ለመመልከት ይቀዝፋል። ታንኳው ሞተር የለውም፤ ጭስም ጩኸትም አያወጣም፤ ከሞተር ጀልባም ጋር ሲመዛዘን ዋጋው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በየወንዙ ዳር ያለው መሬት እየተሸጠ፥ እየታጠረና ቤት እየተሠራበት ሲሄድ፥ አባቶች ያለ ከልካይ ይወርዱበት የነበረው መንገድ በልጆች ላይ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ቀዛፊዎቹና ረዳቶቻቸው ሁለት ነገር አድርገዋል። በመጀመሪያ ወደ ዳኛ ቀርበው መብታቸውን ጠይቀዋል፤ ሁለተኛም ዳኛ ሊሰጣቸው የማይችለውን ነገር ከየኪሳቸው ገንዘብ አዋጥተው ገዝተዋል። የሁለቱም ታሪክ ለአገር አስተዳዳሪዎችና ለሕዝብ መምህራን ትምህርት ስለሚሆን ባጭሩ እንዘረዝረዋለን። በዚህ ጽሕፈት የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ክርክሩ ከጥንት የመጣ ነው። የሮም ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ533 ዓመተ ምሕረት ባወጣው የሕግ መማሪያ መጽሐፍ፥ አየር፥ የሚፈስ ውሃ፥ ባሕርና የባሕር ዳርቻ በተፈጥሮ ሕግ የሰው ሁሉ የጋራ ገንዘብ ናቸው ተብሏል። በወንዝ ዳር ያለው መሬት ግን የጎረቤቱ ባለርስት ሲሆን፥ መንገደኛው ጀልባውን ወደ ዳርቻው ሊያስጠጋ፥ ገመዱንም በዳርቻው ዛፍ ላይ ሊያስር፥ ጭነቱንም ሊያራግፍ እንዲችል ተፈቅዷል። እንግዲህ እነዚያ የጥንት ሕግ ዐዋቂዎች ባለቤትነት አንድ ነገር፥ መገልገልም ሌላ ነገር መሆኑን አስቀድመው ተረድተውት ነበር ማለት ነው። ባለርስቱ ዛፉን አላጣም፤ መንገደኛውም ማረፊያ አላጣም። በኋላ ዘመን የተነሡት መንግሥታት ግን ይህን ሚዛን በየፊናቸው አዘንብለውታል፤ አንዱ ወደ ባለርስቱ፥ ሌላው ወደ መንገደኛው።

በስኮትላንድ የሆነውን እንመልከት። ስፔይ የተባለው ወንዝ ሳልሞን በሚባለው ዓሣ የታወቀ ነው፤ ዓሣ የማጥመዱም መብት በዳርቻው ላሉት ባለርስቶች ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ ነው። በወንዙ መንገድ ላይ ሎክ ኢንሽ በሚባለው ሐይቅ ዳር የሚገኝ አንድ የታንኳ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ይዞ በወንዙ ስለ ወረደ፥ ባለርስቶቹ ዓሣችንን ይረብሹብናል ሲሉ ከሰሱት። ክርክሩ ከታችኛው ችሎት ተነሥቶ፥ በዚያን ጊዜ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ወደ ነበረው ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ። በ1976 የተሰጠው ፍርድ በአንድ የቈየ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነበር። በቀድሞ ዘመን እንጨት ቈራጮች ግንዱን በወንዙ ላይ እያንሳፈፉ እስከ ባሕር ድረስ ያወርዱት ስለ ነበር፥ ወንዙ የሕዝብ መተላለፊያ መሆኑ በዚሁ ተረጋገጠ፤ አንድ ጊዜ የጸናው መብት ደግሞ የሚጠቀምበት ሰው ስለ ጠፋ ብቻ እንደማይሻር ዳኞቹ ፈረዱ። ስማቸው ያልተጻፈ እንጨት ቈራጮች በድካማቸው ያቈዩትን መብት የዛሬዎቹ ተማሪዎች ወረሱት ማለት ነው። ከዚያም በኋላ በ2003 የስኮትላንድ ምክር ቤት ባወጣው የመሬት ሕግ፥ ማናቸውም ሰው በኀላፊነትና በጥንቃቄ እስከ ሄደ ድረስ በመሬትም በአገር ውስጥ ውሃም ላይ መተላለፍ እንዲችል ተፈቀደ።

በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛትም የዚህ ዓይነት ክርክር ተነሥቶ ነበር። አዲሮንዳክ በተባለው ተራራማ አገር ከ1890 ጀምሮ የቈመ አንድ የባለርስቶች ማኅበር ሰፊ ደን ይዟል፤ ሙስ የሚባለውም ወንዝ ደቡባዊ ቅርንጫፉ በዚሁ ደን ውስጥ ያልፋል። በ1991 አምስት ሰዎች በታንኳ ተሳፍረው በዚህ ወንዝ ስለ ወረዱ፥ ማኅበሩ ያለ ፈቃድ ርስታችን ገቡ ብሎ 5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ጠየቀባቸው። ነገሩ ሰባት ዓመት ከተጓተተ በኋላ በ1998 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አሳቡን ገለጠ። ወንዝ የሕዝብ መተላለፊያ መሆኑ የሚታወቀው ጥንት ይተላለፍበት በነበረው የንግድ ጭነት ብቻ ሳይሆን፥ ዛሬ ለመዝናኛ በሚተላለፉበት ታንኳዎችም ጭምር ሊመሰከር ይችላል አለ። ከዚህም ጋር ቀዛፊው መሰናክል ሲያጋጥመውና የግድ ሲሆንበት በዳርቻው ላይ ወጥቶ ታንኳውን ተሸክሞ ሊያልፍ ይችላል ሲል ጨመረ። ይህ ቃል ከ1400 ዓመት በላይ አስቀድሞ ከተጻፈው ከዮስጢንያኖስ ሕግ ጋር እንዴት እንደሚስማማ አንባቢ ልብ ይበል። ተከራካሪዎቹም በ2000 ታርቀው፥ ወንዙ በበጋው ወራት ውሃው በቂ በሆነ ጊዜ ለቀዛፊዎች ክፍት እንዲሆን ተስማሙ።

ሁሉም ቦታ ግን ፍርዱ አንድ ዓይነት አይደለም። በኮሎራዶ ግዛት በ1979 የተፈረደው ፍርድ፥ ከወንዙ በታች ያለው መሬት የግል ርስት ከሆነ በላዩ ለመዝናናት የሚንሳፈፍ ሰው ርስት እንደ ጣሰ ይቈጠራል የሚል ነበር። በስተ ደቡብ በምትዋሰነው በኒውሜክሲኮ ግዛት ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ሆነ። የዚያች ግዛት ሕገ መንግሥት የወንዝ ውሃ የሕዝብ ነው ይላል። ነገር ግን በ2015 የወጣ ሕግና በ2017 የተጨመረበት ደንብ፥ በወንዝ ዳር ርስት ያላቸው ሰዎች በርስታቸው ውስጥ የሚያልፈውን ወንዝ ለሌላው ሰው እንዲዘጉ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው ጀመር። አንድ የቀዛፊዎች ማኅበር ከዓሣ አጥማጆች፥ ከአዳኞችና ከዱር አራዊት ጠባቂዎች ማኅበራት ጋር ተባብሮ አቤት አለ፤ በ2022 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደንቡ ሕገ መንግሥትን የሚቃወም ነው ብሎ ሻረው። ባለርስቶቹ ወደ አገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ቢሉም በ2023 አልተቀበላቸውም።

ሆኖም የኒውሜክሲኮ ዳኞች አንድ ወሰን አኑረዋል፤ የጽሕፈታችንም ዋና ነገር ከዚህ ይጀምራል። ሕዝቡ በወንዙ ውስጥ ሊቀዝፍ፥ ሊያጠምድና በወንዙ ወለል ላይ ሊራመድ ይችላል፤ ወደ ወንዙ ለመድረስ ሲል ግን በሰው ርስት ላይ ሊያልፍ አይችልም አሉ። ይህም ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ ዳኛ የሰውን እርሻ ቈርሶ ለመንገድ ሊሰጥ አይችልምና። እንግዲያስ ውሃውን በፍርድ ያገኘ ሕዝብ ወደ ውሃው መውረጃውን ከወዴት ያመጣል? ወይ መንግሥት ይሰጠዋል፤ ወይ ባለርስቱ በበጎ ፈቃዱ ይለቅለታል፤ ወይም ሕዝቡ ራሱ ገዝቶ የጋራ ያደርገዋል። ደግሞም ክርክሩ ራሱ ያለ ገንዘብ አይሆንም። ባለርስቱ ባለጸጋ ስለ ሆነ ጠበቃ መቅጠርና ዓመታት መታገሥ አይቸግረውም፤ ቀዛፊው ግን ብቻውን ከሆነ በመጀመሪያው ይግባኝ ይደክማል። ስለዚህ መዋጮ የዚህ ነገር ሁሉ ሥር ሆኖ ይገኛል።

መዋጮ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በሁለት ምሳሌ እናሳያለን። የመጀመሪያው ውሃውን ራሱን ስላዳነ ሕዝብ፥ ሁለተኛው ዳርቻውን ስለ ገዛ ሕዝብ ነው።

በእንግሊዝ አገር ኬኔትና ኤቨን የሚባሉትን ሁለት ወንዞች በተቈፈረ ቦይ አገናኝቶ ከብሪስቶል በኩል ወደ ቴምዝ ወንዝ የሚያደርስ የውሃ መንገድ በ1810 ተከፍቶ ነበር። ርዝመቱ 87 ማይል ይሆናል። የምድር ባቡር ከመጣ በኋላ ንግዱ ወደ ባቡሩ ስለ ዞረ የውሃው መንገድ ችላ ተባለ፤ መዝጊያዎቹ በሰበሱ፤ ውሃውም በየቦታው ደረቀ። በ1948 በፋሲካ ሰሞን ዲቫይዝስ በምትባል ከተማ የነበሩ ስካውቶች በዚህ በተበላሸ መንገድ ታንኳቸውን እየቀዘፉ፥ ውሃ በሌለበትም እየተሸከሙ፥ ስንቃቸውንና ድንኳናቸውን ከታንኳው ሳይለዩ ከ100 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ለንደን ዌስትሚንስተር ድረስ ደረሱ። ይህን ቢፈጽሙ ለስካውቶቹ ገንዘብ ቤት 20 ፓውንድ እንሰጣለን ብለው የከተማው ሰዎች ተወራርደውላቸው ነበርና ገንዘቡን አገኙ። ከዚህ ትንሽ ውርርድ እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ የሚደረገው የ125 ማይል የታንኳ ውድድር ተወለደ።

የውድድሩ መወለድ ግን ቦዩን ከመዘጋት አላዳነውም። መንግሥት የውሃውን መንገድ ፈጽሞ ለመዝጋት ባሰበ ጊዜ በ1956 ከ20 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ለንግሥቲቱ ቀረበ፤ መንገዱም ከመዘጋት ዳነ። ዳነ ስንል ግን አልተፋቀም ለማለት ነው እንጂ ታንኳ ያሻግር ነበር ለማለት አይደለም። በ1962 የቆመው የወዳጆቹ ማኅበር ከዚያ ወዲህ ለ28 ዓመት ከሕዝብ ገንዘብ እየለመነ፥ በሰንበት ዕረፍታቸው የሚመጡ በጎ ፈቃደኞችን አካፋና ዶማ እያስያዘ፥ መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ አስጠገነ። ውሃውን ወደ ከፍታው ቦታ የሚያወጣውን በ1812 የተሠራውን በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ ሞተር እንኳ ከዝገት አንሥተው አሠሩት። በ1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ ራሳቸው ተገኝተው የውሃውን መንገድ እንደ ገና መረቁት። የሕዝቡ ትጋት ከታየ በኋላ ደግሞ በ1996 ለቅርስ ጥበቃ ከተመደበው የሎተሪ ገንዘብ 25 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጠ።

ከዚህ የምንማረው አለ። በ1956 ፊርማ ብቻ የነበረው ነገር በ1990 የሚታይ ሥራ እስኪሆን ድረስ የአንድ ሰው ዕድሜ እኩሌታ ያህል ፈጅቷል። መጀመሪያ የፈረሙት ብዙዎቹ ምርቃቱን ለማየት አልታደሉም። ነገር ግን ጥቂት ፓውንድ በማዋጣት ሥራውን ስላቈዩት ታላቁ ገንዘብ ሲመጣ የሚያርፍበት ቦታ አገኘ። ባለ 25 ሚሊዮኑ ስጦታ በደረቀና በተረሳ ጉድጓድ ላይ አይወርድም ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የሚለየው በጊዜው ማጠር ነው። በኒውዚላንድ የደቡብ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ አቤል ታስማን የሚባል ብሔራዊ የጥበቃ ቦታ አለ። በ1942 የተመሠረተ ሲሆን ከአገሪቱ ብሔራዊ የጥበቃ ቦታዎች ሁሉ ትንሹ ነው፤ ደኑ እንዳይመነጠር ብዙ የደከሙት ፔሪን ሞንክሪፍ የሚባሉ እመቤት ነበሩ። ሰው ወደዚህ ቦታ መጥቶ ወይም በዳርቻው 60 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የእግር መንገድ ይሄዳል፤ ወይም ታንኳውን እየቀዘፈ ከአንዱ ወሽመጥ ወደ ሌላው ይሻገራል። በዚህ መካከል አዋሮአ የሚባለው ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ወሽመጥ አጠገብ ወደ 7 ሄክታር የሚሆን መሬት ከ800 ሜትር የአሸዋ ዳርቻ ጋር የግል ርስት ሆኖ ይኖር ነበር። ሰዎች በባለርስቱ ዝምታ ሲያርፉበት ኖረዋል። በ1915 ሳይሆን በቅርቡ በ2015 መጨረሻ ግን መሬቱ ለጨረታ ቀረበ። የሚገዛው ሰው ነገ አጥር ቢያጥር የሚከለክለው ሕግ አልነበረም።

በዚያ ዓመት በልደት በዓል ቀን በክራይስትቸርች ከተማ የሚኖሩ ሁለት አማቾች በጨዋታ መካከል «ሕዝቡ ራሱ ለምን አይገዛውም?» የሚል አሳብ አነሡ። በጥር ወር 2016 ለሕዝብ ጥሪ አደረጉ፤ ግባቸውም 2 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ነበር። ጨረታው በየካቲት አጋማሽ ስለሚዘጋ የነበራቸው ጊዜ አንድ ወር አይሞላም። ሰጪዎቹም ገንዘባቸውን ወዲያው እንዲከፍሉ አልተጠየቁም፤ ጨረታው ከተሳካ ብቻ የሚሰበሰብ የተስፋ ቃል ሰጡ። ጊዜው ሲያልቅ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችና ማኅበራት በጠቅላላው ከ2 ሚሊዮን 200 ሺህ ዶላር የሚበልጥ ቃል ገብተው ተገኙ። ይህን ለሰጪዎቹ ብናካፍለው ለአንዱ ከ60 ዶላር በታች ይደርሰዋል። የአገሩ ሕዝብ በዚያን ጊዜ ከ5 ሚሊዮን ያነሰ መሆኑ ሲታሰብ፥ በዚህ ነገር እጁን ያላስገባ መንደር ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ በዚያ ሩቅ ደሴት ተፈጸመ።

በጨረታው መጨረሻ አካባቢ የተነሣ አንድ ፈተና ሊነገር ይገባዋል። አንድ የታወቀ ባለጸጋ የጎደለውን ገንዘብ እኔ ልሙላ አለ፤ ነገር ግን የርስቱን አንድ ክፍል ለጥቂት ዘመን እርሱና ቤተ ሰቡ ለብቻቸው እንዲገለገሉበት ቃል እንዲገባለት ጠየቀ። ገንዘቡ ያስፈልግ ነበር፤ ጊዜውም አጭር ነበር። አስተባባሪዎቹ ግን ስጦታውን አልተቀበሉም። ምክንያቱ ግልጥ ነው። ሕዝቡ ቃል የገባው ለማንም ያልተለየ ዳርቻ እንዲሆን ነው፤ በመካከሉ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚከለል ነገር ከገባ ግን ብዙዎች የሰጡት ለአንዱ ማስፋፊያ ይሆናል። ማዕርግ ጠይቆ የሚሰጥ ሰው ገዢ ነው እንጂ ረጂ አይባልም። መበለቲቱ ሁለት ሳንቲሟን በምጽዋት ሣጥን ስትጥል መቀመጫ እንዲለይላት አልጠየቀችም። ከዚህ በኋላ መንግሥት 350 ሺህ ዶላር ጨመረ፤ ሌሎችም ረድተው ጨረታው ተሳካ፤ በሐምሌ ወር 2016 ዳርቻው ለብሔራዊው የጥበቃ ቦታ ተሰጥቶ የሕዝብ ሆነ።

ይህ ሥራ እንዲያምር ያደረጉት ነገሮች አራት ናቸው። በመጀመሪያ ግቡ የታወቀ ነበር፤ ስንት ገንዘብ፥ ለየትኛው መሬት፥ እስከ መቼ ቀን መሆኑን ማንም ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊናገረው ይችል ነበር። ሁለተኛ፥ ሰጪው ሥራው ባይሳካ ገንዘቡ የትም እንደማይቀር ዐውቋል፤ ስለዚህ እምነት ነበረው። ሦስተኛ፥ ትንሽ የሰጠና ብዙ የሰጠ በዳርቻው ላይ እኩል መብት አገኙ። አራተኛም፥ የተገዛው መሬት በአስተባባሪዎቹ ስም አልተቀመጠም፤ ከእነርሱ ሕይወት በኋላ ሊጠብቀው ለሚችል የሕዝብ ባለሥልጣን ተላለፈ። ከእነዚህ አንዱ የጐደለበት መዋጮ በጭብጨባ ተጀምሮ በወቀሳ ሲፈጸም እናያለን።

ሁልጊዜም መሬቱን በሙሉ መግዛት አያስፈልግም። ባለርስቱ ርስቱን ሳይለቅ አንዲት ቀጭን የእግር መንገድና ታንኳ ማውረጃ ቦታ ብቻ ለሕዝብ እንዲሆን በውል ሊሸጥ ወይም ሊሰጥ ይችላል፤ ውሉም በመሬት መዝገብ ከተጻፈ ርስቱን ነገ በሚገዛው ሰው ላይም ይጸናል። ወጪውም ሙሉውን ከመግዛት ያንሳል። ባለርስቱም ዛፉን አያጣም፥ መንገደኛውም ገመድ ማሰሪያ አያጣም የሚለው የጥንቱ ሚዛን በዚህ ይመለሳል።

የባለርስቶቹን ቃል ደግሞ ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም። ወንዙ ለሁሉ በተከፈተ ጊዜ በዳርቻው ላይ ጥራጊ የሚጥል፥ እሳት ለኵሶ የሚሄድ፥ ከብት የሚያስደነግጥ፥ ዓሣ በሚራባበት ወራት ውሃውን የሚያውክ ሰው እንዳለ ሐሰት አይደለም። አንድ ሰው ወድቆ ቢሰበር ካሣው በማን ላይ ነው የሚለውም ጥያቄ ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ነው የስኮትላንድ ሕግ መብቱን ከኀላፊነት ጋር አጣምሮ የሰጠው፤ ስለዚህም ነው በሙስ ወንዝ የተደረገው ዕርቅ ወራቱንና የውሃውን ልክ የወሰነው። የሚቀዝፉ ሰዎች መዋጮአቸውን ለመግዣው ብቻ ሳይሆን ለጽዳት፥ ለዘበኛና ለምልክት ሰሌዳም ጭምር ሊያስቡ ይገባል። ዳርቻን ገዝቶ መተው ለክርክር አዲስ ምክንያት መስጠት ነው።

ሌላም ከባድ ተቃውሞ አለ። ሕዝብ በተፈጥሮ የእርሱ የሆነውን ለምን በገንዘብ ይገዛል? ውብ የሆነው ዳርቻ ብዙ ወዳጅ ያገኛል፤ ለዓይን የማያምረው፥ ነገር ግን ድኾች ውሃ የሚቀዱበትና ልጆች መዋኘት የሚማሩበት ዳርቻ ማን ያዋጣለታል? ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ነው። መዋጮ የሕግን ቦታ ሊወስድ አይችልም። በአዋሮአ ሕዝቡ የከፈለው ገንዘብ፥ መሬቱ ርካሽ በነበረበት ዘመን በአንድ የሕግ መስመር ሊድን ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። ስለዚህ መዋጮ የመጨረሻ መድኀኒት እንጂ የዘወትር ምግብ እንዳይሆን መጠንቀቅ የአስተዳዳሪዎች ፋንታ ነው። ነገር ግን ሕጉ እስኪወጣ ድረስ መሬቱ የሚሸጥ ከሆነ፥ ሕጉን እየጠበቁ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ዳርቻውን ለዘለዓለም ማጣት ይሆናል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ሕዝብ ስለ ወንዝ ሲል ገንዘብ ያዋጣል ብሎ ማስረዳት ትርፍ ነገር ነው፤ በ2011 ተጀምሮ በ2025 የተመረቀው በዓባይ ላይ የተሠራው ታላቅ ግድብ ከሕዝብ በተሰበሰበ የቦንድ ገንዘብና ስጦታ ጭምር መሠራቱን ያላወቀ የለምና። የመሬቱ ሕግ ግን ከላይ ከጠቀስናቸው አገሮች ይለያል። በ1995 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝቦች ነው ስለሚል፥ ዳርቻን የሚሸጥ ባለርስት የለም። ቢሆንም መሬት ሳይሸጥም ሊታጠር ይችላል። የጣና ቀዛፊ ከደንገል የሠራውን ታንኳ ተሳፍሮ ወደ ደሴት ገዳም ሲሻገር ሁለት ማረፊያ ያስፈልገዋል፤ አንዱ በደሴቱ፥ ሌላው በየብሱ። በውሃ ዳር ቦታ ለሕንጻ የሚመራ ሹም በካርታው ላይ ለታንኳ መውረጃ የምትሆን ጥቂት ክንድ መሬት አስቀድሞ ቢተው፥ በኋላ ዘመን የሚነሣውን ክርክርና የሚጠየቀውን መዋጮ በአንድ እርሳስ ምልክት አስቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ምክር ለሁለት ወገን ነው። መሬት የሚያስተዳድሩ ሰዎች በየወንዙና በየሐይቁ ዳር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚወርድበት ቦታ የትኛው እንደ ሆነ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቀው በመዝገብ ይጻፉት፤ በስፔይ ወንዝ ክርክሩን የረታው የእንጨት ቈራጮቹ ታሪክ ስላልጠፋ ነው። ሕዝብን የሚያስተምሩ ካህናትም የጋራ የሆነውን ነገር መጠበቅ የግል ርስትን ከመጠበቅ ያላነሰ ግዴታ መሆኑን፥ ለዚህም የሚሰጥ ጥቂት ገንዘብ በሂሳብ ተይዞ በአደባባይ ሊነገር እንደሚገባው ያስረዱ። በአዋሮአ ዳርቻ ዛሬ ታንኳውን ስቦ በአሸዋው ላይ የሚያሳርፍ መንገደኛ ወደ 40 ሺህ ከሚጠጉት ሰጪዎች አንዱን እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ የሚከለክለው ሰው ግን የለም።